ባዶ ጄሪካን፣ ክብሪትና ቡዳ፦ አጉል እምነትን ከዕለት ኑሮ ለማራቅ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር የፈረቃ ውሃ በሚጠበቅበት ማለዳ፣ ከሕንፃው የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ባዶ ቢጫ ጄሪካን ያንጠለጠለ ጎረቤቱን ነው። ባዶ እንስራ ያጋጠመው ሰው መንገዱ አይቀናውም ሲባል እየሰሙ ያደጉ ሰዎች፣ ጄሪካኑን እንዳዩ ደረጃውን መልሰው ወጥተው ጥቂት ቆይተው ሲወርዱ፣ በዚህም የሥራ ሰርቪስ ሲያመልጣቸው አይቻለሁ። ይህን ልማድ በክርክር ማስለቀቅ አስቸጋሪ ስለሆነ በደብተር መመርመር ይሻላል። ለአንድ ወር ያህል፣ ማታ ማታ፣ ጠዋት ምን እንዳጋጠመዎትና ቀኑ እንዴት እንደዋለ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ባዶ ዕቃ ያዩበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ምንም ሳያዩ ወጥተው ያልተሳካልዎትንም ቀን አይዝለሉ፤ ሰው የገጠመለትን ያስታውሳል፣ ያልገጠመለትን ይረሳልና።

በከተማው ዳርቻ መኖር ለዚህ ምርመራ ያመቻል፤ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች የመጣነው ከየአገሩ ነው። ቡና ላይ ስለ ዓይን መርገብገብ ቢጠይቁ፣ አንዷ የግራው ለቅሶ ያመጣል ስትል ሌላዋ እንግዳ ይመጣል ትላለች። ዓይንን የሚያርገበግበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም የቡና መብዛት ነው። የልጅን የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ እንደ መወርወር ያለውን፣ ማንንም የማይጎዳ ልማድ እንዳለ ይተዉት፤ እኔም ለልጆቼ አድርጌዋለሁ።

ሊታለፍ የማይገባው በሕመም ጊዜ የሚደረገው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታክሲ ማቆሚያው አንድ ወጣት ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ ክብሪት ጭሬ ወደ አፍንጫው ያስጠጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ የቀረው የቃጠሎ ምልክት ዛሬም ይከነክነኛል። ጭሱ የሚያነቃ የሚመስለን፣ መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚያበቃ ነው። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ክብሪቱን ትተው ሰዓት ይመልከቱ። ድንጋይና ስለታም ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፤ ነጠላ ወይም ጃኬት አጥፈው ከራሱ ሥር ያድርጉ፤ የአንገት ልብሱን ያላሉ፤ እጅ እግሩን ጨምድደው አይያዙ፤ በአፉም ማንኪያ ሆነ ውሃ አይክተቱ። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙትና እስኪነቃ አጠገቡ ይቆዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ዳግመኛ ከጀመረው ወይም ከተጎዳ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ። አረፋው ይጋባል ብሎ መሸሽም ልክ አይደለም፤ የሚጥል በሽታ ከአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መዛባት የሚመጣ ሕመም እንጂ በምራቅ የሚተላለፍ አይደለም፤ መድኃኒትም አለው።

ከሁሉ የከፋው ግን በሰው ስም ላይ የሚለጠፈው ነው። ቀጨኔ ውስጥ ጀበናና ድስት የሚሠሩ እናቶች፣ ገበያው ዕቃቸውን እየገዛ፣ ለዘመናት «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ሐሜቱ እስከ ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ተከትሎናል። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አያት «ዓይን ነው» ካሉ፣ ስለ ዓይን መኖር አለመኖር አይከራከሩ። «እማማ፣ ጸሎቱንም አያቋርጡ፣ ጤና አዳሙም ከራስጌው ይሁን፤ እኔ ግን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ላድርሰው፤ እርስዎም አብረውኝ ይምጡ» ማለት ይበቃል። እስኪደርሱም አንድ የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በማንኪያ ደጋግመው ይስጡት፤ የሚጠባ ከሆነም ጡቱ አይቋረጥ። «ማን አየው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ቆፍጠን ብለው ወሬውን ያቁሙ፤ በዚያ ዕለት ቤት የገባች ጎረቤት ሁሉ ተጠርጣሪ ትሆናለችና። ስሟ አስቀድሞ ተጠርቶ ከሆነ፣ ልጁ ሲያገግም ቡና አፍልተው ከሁሉ በፊት እሷን ይጥሩ፤ ሌሎቹ ጎረቤቶች ባሉበትም ልጁን አንሥተው እቅፏ ላይ ያስቀምጡት።