ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥርን በእስክሪብቶ እንዴት እንበትናለን?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች አስጠናለሁ። መብራት ሲጠፋ ጨዋታችን ቁጥር መበተን ነው። አንዱ ልጅ ተፍቆ ከተጣለ የሞባይል ካርድ ላይ የመጨረሻዎቹን ስድስት አሃዞች ያነብልናል፤ እኛ ቁጥሩ ከየትኞቹ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 በላይ ሆነው ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ ከሚካፈሉት፣ ፕራይም ከምንላቸው፣ እንደተባዛ እንፈልጋለን። አንድ ማታ 873,852 ወጣ። በሱው ላሳያችሁ።

ቀላል ቀላሉን አስቀድሙ። መጨረሻው 52 ለ4 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፦ 218,463። የዚህ አሃዞች ሲደመሩ 24 ናቸው፤ 24 ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም። ስለዚህ ለ3 አንዴ ብቻ፦ 72,821። 5ን በዓይን እለፉት።

7ን ብዙ ሰው ይፈራዋል። የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርጋችሁ ከፊቱ ካለው ቀንሱ፦ 7,282 ሲቀነስ 2፣ 7,280። ከዚያ 728 ሲቀነስ 0፣ ያው 728። ከዚያ 72 ሲቀነስ 16፣ 56። 56 የ7 ብዜት ስለሆነ ዋናውም ነው። ሲካፈል 10,403 ይሰጣል።

ጣጣው እዚህ ነው፦ የት እናቁም? ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የምትሞክሩት ብቸኛ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከ10,403 እስኪበልጥ ድረስ ትቀጥላላችሁ። እኔ ግን 100 በ100 አሥር ሺህ መሆኑን አስቤ «ከዚያ ብዙም አይርቅ» አልኩ። በሻማ ሁለት ገጽ ሞልቼ 97 ላይ ቆምኩ፤ «ይህስ ብቸኛ ነው» ብዬ ልጆቹን አሰናበትኩ። ጠዋት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሬን አንኳኩታ «ጋሼ፣ 101ን ሞክረዋል?» አለችኝ። 101 በ101 ገና 10,201 ነው! መልሱ 101 በ103። አንድ ቁጥር ብቻ ጨምሬ ብሞክር ኖሮ...

ከዚያ ወዲህ ረጅሙን ማካፈል ከመጀመሬ በፊት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ የተጠቀመበትን ዘዴ እሞክራለሁ። ከ10,403 በላይ ያለውን የቅርብ ካሬ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን፣ ፈልጉ፦ 102 በ102፣ 10,404። ልዩነቱ 1 ነው፤ 1ም ራሱ ካሬ ነው፣ 1 በ1። የሁለት ካሬዎች ልዩነት ደግሞ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በድምራቸው ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 102 ሲቀነስ 1 እና 102 ሲደመር 1። አለቀ። ልዩነቱ ካሬ ካልሆነ 103ን፣ 104ን ሞክሩ፤ ሁለቱ አካፋዮች ከተራራቁ ግን ያደክማል፣ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሬ እተወዋለሁ።

ካልኩሌተር? ለዚህ መጠን ይሆናል። ቁጥሩ ሲረዝም ግን ባለ 8 አሃዙ የሱቅ ካልኩሌተር ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ስለሚጥል ቀሪ ያለውን ቀሪ የሌለው አስመስሎ ያሳያችኋል።

አሁን 2×2×3×7×101×103 በእጃችን ነው። ስንት አካፋይ አለው? 2 ሁለት ጊዜ አለ፤ ምንም ላንወስድ፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም ልንወስድ እንችላለን፤ ሦስት ምርጫ። ሌሎቹ አራቱ ሁለት ሁለት ምርጫ አላቸው። 3×2×2×2×2፣ 48 አካፋዮች።

ካርዱ 999,983 ካወጣባችሁ ግን ሌላ ካርድ አንሱ። ከሚሊዮን በታች ትልቁ ብቸኛ ቁጥር እሱ ነው፤ በዚህ መንገድ ለማረጋገጥ 168 ጊዜ ማካፈል አለባችሁ።