የዊልኮ ዳግም እትም ሸክላዎች፦ ገንዘብና ድምፅ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ዊልኮ በ1994 አንክል ቱፔሎ የተባለው ባንድ ሲፈርስ በቀሩት አባላት የተመሠረተ የቺካጎ ባንድ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሥሩ ካንትሪና ፎክ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ዲቢፒኤም የሚባል የራሱ አሳታሚ አለው። ሸክላዎቹ ደጋግመው ስለሚታተሙ አንዱ አልበም በአራትና በአምስት መልክ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ገዢውም ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በቀለሙ፣ በግራሙና በሽፋኑ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ድምፁን የሚወስነው ግን ሌላ ነው፦ ከየትኛው ማስተር (ሸክላው ከሚቀዳበት የመጨረሻ ቅጂ) እንደተወሰደ፣ መርፌው የሚሄድበትን መስመር ማን እንደቀረጸው፣ በአንድ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደታጨቀና ፋብሪካው በምን ጥንቃቄ እንዳተመው።

«ዴሉክስ» ሲባል የተሻለ ድምፅ ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው። «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተባለው አልበም በ2022 እንደገና ሲታተም ትልቁ ሳጥን 11 ሸክላና 1 ሲዲ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በፊት ያልወጡ 82 ቅጂዎችም ነበሩበት። ከሱ ዝቅ ያለ ባለ 7 ሸክላ እትም አለ፤ አልበሙን ብቻ የያዘ ባለ 2 ሸክላም አለ። አዲሱ ማስተር በባለ 2ቱም ላይ ስላለ ሳጥኑን የገዛ ሰው ዋናውን አልበም ከሌላው በተሻለ ድምፅ አይሰማውም። ተጨማሪውን የሚከፍለው ለረቂቆቹ፣ ለተጣሉት አማራጭ ቅጂዎችና ለመድረክ ቀረጻው ነው።

ይህ ማለት ሳጥኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሪፕራይዝ የተባለው አሳታሚ አልበሙን አልቀበልም ብሎ ባንዱን ሲያሰናብት፣ ባንዱ በመስከረም 2001 ሙዚቃውን በድረ ገጹ በነፃ አሰማ። ከዚያም በሚያዝያ 2002 ነንሰች አወጣው፤ ሁለቱም አሳታሚዎች የአንድ ድርጅት ንብረት ስለነበሩ፣ አንዱ ክንፍ የጣለውን ሌላው ክንፍ መልሶ ገዛው ማለት ነው። ዘፈኖቹ እንዴት እንደፈረሱና እንደገና እንደተገነቡ መስማት ለሚፈልግ ሰው ይህ አልበም ትልቅ ሳጥን ከሚገባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። አልበሙን ለማወቅ ገና ለሚጀምር ግን ባለ 2ቱ ይበቃዋል። በ2025 የወጣውን የ«ኤ ጎስት ኢዝ ቦርን» ሳጥን (9 ሸክላና 4 ሲዲ) ሲያዩም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የምፈልገው አልበሙን ነው ወይስ የአልበሙን አሠራር?

«የመጀመሪያው እትም ሁልጊዜ ይበልጣል»

ለ1960ዎቹ ጃዝ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በ2002 ለወጣ ሮክ ግን አያስኬድም። በዚያን ጊዜ ገበያው የሲዲ ነበር። የ«ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የመጀመሪያው ሸክላ ራሱ የታተመው ሰንዴዝድ በተባለ ሌላ ኩባንያ እንጂ በነንሰች አልነበረም። የእንዲህ ዓይነት እትም ዋጋ የሚወደደው ስለማይገኝ ነው፤ ድምፁ ይበልጣል ወይ የሚለው ለየብቻ የሚመዘን ነገር ነው።

እትሙን ለመለየት በጀርባው ያለው ባርኮድ አይበቃም፤ በድጋሚ ሲታተም ያው ባርኮድ ሊቀጥል ይችላል። መታየት ያለበት የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት መስመር እስከ መሃሉ ወረቀት ያለው ባዶ ቀለበት ነው። ሸክላውን ከመብራት ሥር ያዘንብሉት፤ በቀጭኑ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ጽሑፍ ይታያል። እዚያ ላይ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የገጹ ፊደል፣ ብዙ ጊዜ የቀረጸው መሐንዲስ ስም ምህጻረ ቃልና የፋብሪካው ምልክት ይገኛሉ። ሁለት ሸክላዎች ሽፋናቸው አንድ ሆኖ እዚህ ላይ የተጻፈው ከተለያየ፣ መስመሩ እንደገና ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ከግለሰብ ሲገዙ የየገጹን ቀለበት ፎቶ ሳያዩ አይክፈሉ። ሻጩ የሽፋኑን ፎቶ ብቻ እየደጋገመ ከላከ ቢተዉት ይሻላል።

በግራም መግዛት

180 ግራም የሚለው ማስታወቂያ ስለ ፕላስቲኩ ክብደት እንጂ ስለ ድምፁ አይናገርም። መርፌው የሚሄድበት መስመር ጥልቀት በ140 ግራሙም በ180ውም ያው ነው። ከባዱ ሸክላ በማጫወቻው ላይ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፤ ሆኖም በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከማተሚያው ከወጣ እሱም ይጣመማል።

ደቂቃውን አለመደመር

ባለ 12 ኢንች ሸክላ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ገጽ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ሲሆን መሐንዲሱ ድምፁን በልኩ ከፍ አድርጎ፣ ባሱንም ሳይቆርጥ መቅረጽ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ መስመሮቹን ማቀራረብ ግድ ስለሚሆንበት የድምፁን ከፍታ ይቀንሳል፣ ባሱንም ያሳሳል። ያን ጊዜ እርስዎ አምፕሊፋየሩን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሸክላው ሹክሹክታም አብሮ ከፍ ይላል።

«ኤ ጎስት ኢዝ ቦርን» 67 ደቂቃ ገደማ ነው። በ2 ሸክላ፣ ማለትም በአራት ገጽ ሲከፈል በአማካይ 17 ደቂቃ ይደርሳል፤ ይህ ጥሩ ነው። ይኸው ርዝመት በአንድ ሸክላ ቢታጨቅ በገጽ 33 ደቂቃ ይሆን ነበር። ስለዚህ የማንኛውንም ባንድ ዳግም እትም ከመግዛትዎ በፊት በየገጹ ያሉትን ዘፈኖች ደቂቃ ይደምሩ። ከ22 ካለፈ ይጠራጠሩ፤ ከ25 ካለፈ ሌላ እትም ይፈልጉ።

የዘፈኖቹ ቦታም መታየት አለበት። በውጪው ጠርዝ መርፌው በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ይሸፍናል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ 21 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ስለሚሰፍር፣ በገጹ መጨረሻ ያለ ጩኸታም ዘፈን «ሰ» እና «ሸ» ላይ ይሰነጠቃል። ሸክላው ተበላሽቷል ብለው ከመመለስዎ በፊት የመርፌዎን አቀማመጥ በአሰላለፍ ካርድ (የመርፌውን አቅጣጫ ለማስተካከል በማጫወቻው ላይ በሚቀመጥ ባለ መስመር ካርድ) ያረጋግጡ። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደትም በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይለኩ፦ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ለተባለው መርፌ 1.8 ግራም፣ ለኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። መርፌው ሸክላውን እንዳይጎዳው ብሎ ክብደቱን መቀነስ ጉዳቱን ያብሰዋል፤ የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቧጥጣል።

የጋራ ሥራዎቹን በዊልኮ ስም ብቻ መፈለግ

ከባንዱ ምርጥ ሥራዎች አንዳንዶቹ በ«ዊልኮ» ክፍል አይገኙም። «መርሜድ አቬኑ» (1998) እና ሁለተኛው ቅጽ (2000) ኤሌክትራ ያወጣቸው፣ ከእንግሊዛዊው ቢሊ ብራግ ጋር የተሠሩ ናቸው። ግጥሙ አሜሪካዊው የፎክ ዘፋኝ ዉዲ ጋትሪ ጽፎ ዜማ ሳያወጣለት የተወው ነው፤ ወረቀቱን ለብራግ የሰጠችው ልጁ ኖራ ጋትሪ ናት። የአልበሙ ስም ጋትሪ ከቤተሰቡ ጋር የኖረበት የብሩክሊን መንገድ ነው። የብራግ ስም ስለሚቀድም በሱቅ መደርደሪያ በእሱ ስም ይቀመጣል። በ2012 የወጣው ሙሉ ስብስብ ደግሞ 3 ሲዲና 1 ዲቪዲ ነው፤ ሸክላ መስሎት የሚያዝ ሰው አይጠፋምና የምርቱን ዓይነት ያንብቡ።

«ዳውን ዊዝ ዊልኮ» (2003) ከነስሙ የዊልኮ አልበም አይደለም። የስኮት መኮሄይ ባንድ የሆነው የዘ ማይነስ ፋይቭ ነው፤ ዊልኮ አብሮ ተጫውቶበታል። ሉስ ፈር የተባለው ባንድ ደግሞ የዊልኮ መሪ ጄፍ ትዊዲ፣ ከበሮ መቺው ግሌን ኮቺና ጂም ኦሩርክ ሦስት ሆነው ድራግ ሲቲ ለተባለ አሳታሚ የሠሩት ነው። የ«ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት»ን ድምፅ ያዋሃደው ኦሩርክ በመሆኑ ያንን አልበም የወደደ ሰው ቀጥሎ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው። የዘፋኟ ማቪስ ስቴፕልስ «ዩ አር ኖት አሎን» (2010) ላይ ግን ፕሮዲውሰሩ ትዊዲ ነው እንጂ ባንዱ ዊልኮ አይደለም። ሻጭ «የዊልኮና የማቪስ» ብሎ ቢያስተዋውቅ አይመኑት፤ ሥራው ግን በራሱ የሚያኮራ ስለሆነ ስለ ድምፅዋ ብለው ይግዙት።

በሪከርድ ስቶር ዴይ መደናገጥ

ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ በሚከበረው በዚህ የሸክላ ሱቆች ቀን የሚወጡ ሸክላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ለዚያ ቀን ብቻ የሚታተሙ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚያ መጀመሪያ ወጥተው በኋላ በሁሉም ሱቅ ይሸጣሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀኑ ዝርዝር ላይ ስለሚጻፍ፣ ለሁለተኛው ዓይነት በማግስቱ እጥፍ ከፍሎ መግዛት አያስፈልግም።

ሸክላውን ሳይፈትሹ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ

ሱቆች ለመመለስ የሚሰጡት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በደረሰ ሳምንት ሁሉንም ገጽ ያጫውቱ፤ ባለ 11 ሸክላ ሳጥን ከሆነ 22 ገጽ ነውና ጊዜ ይመድቡለት። የሚፈለጉት ጥፋቶች ሦስት ናቸው።

ጭረት፦ «ጠቅ» የሚል ድምፅ በየ1.8 ሰከንዱ እየተመለሰ ይሰማል፤ አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጀው ያንን ያህል ነውና። በመካከሉ ዝም ብሎ ያለ ሥርዓት የሚንጣጣ ከሆነ ግን አቧራ ወይም ስታቲክ ነው፤ አዲስ ሸክላም ቢሆን ታጥቦ እንደገና ይሞከር።

ያልሞላ መስመር፦ ፕላስቲኩ በማተሚያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይፈስ ሲቀር ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ያሰማል። በብርሃን ሲያዩት በተቀረው ጥቁር ገጽ ላይ ስፌት የመሰለ የደበዘዘ ጭረት ይታያል። ማጠብ አያድነውም፤ ይመለስ።

ከመሃል የወጣ ቀዳዳ፦ የመርፌው ክንድ በየዙሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ የፒያኖና የስቲል ጊታር ረጅም ድምፆችም ይንቀጠቀጣሉ። ዊልኮ ስቲል ጊታር ስለሚያዘወትር ይህ ጥፋት በእሱ ሸክላ ላይ ቶሎ ይታወቃል።

ባለ ቀለም ሸክላ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሥዕል የታተመበት ሸክላ ግን ለጌጥ ካልሆነ ለመስማት አይመረጥም፤ መስመሩ የተቀረጸው በሥዕሉ ላይ በተለበጠ ስስ ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ሹክሹክታው ከፍ ያለ ነው።

የአሜሪካ ማጫወቻ ይዞ አዲስ አበባ መግባት

ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ የአሜሪካ ከተማ ሸክላና ማጫወቻ ለሚልክ ወይም ለሚያመጣ ሰው ይህ ዋነኛው ስህተት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ሄርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙን ግን አይነካውም። በአንዳንድ ባለ ቀበቶ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሲንክሮነስ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ስለሆነ፣ 33 ከ1/3 የነበረው ወደ 27.8 ዙር ይወርዳል። የዘፋኙም ድምፅ ከሦስት ሰሚቶን (ግማሽ የድምፅ ደረጃ) በላይ ይወፍራል።

ከመግዛትዎ በፊት በጀርባው ወይም በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል አስማሚ ካለው ሶኬቱን ከመቀየር ውጭ ምንም አያስፈልገውም። «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ አምራቹ ለ50 ሄርዝ የሚሆን ፑሊ (ቀበቶውን የሚያዞር ትንሽ ተሽከርካሪ) ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሌለው እዚያው አሜሪካ ይቅር።

ማሸጊያውንና ሙቀቱን መናቅ

የታሸገበት ስስ ፕላስቲክ ሲቆይ እየተኮማተረ ሸክላውን ያጎብጠዋል፤ ይቅደዱት። በምትኩ የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ይጠቀሙ። የሚያንጸባርቀው ለስላሳ የፒቪሲ ከረጢት ከጊዜ በኋላ ሸክላው ላይ ማጠብ የማያስለቅቀው ጉም ያሳርፋል።

በፖስታ የሚመጣ ሸክላ በመንገድ ላይ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ የሽፋኑን ስፌት ይሰነጥቃል። የተከፈተ ከሆነ ሻጩ ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ አውጥቶ ከሽፋኑ ጀርባ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁ። በሻንጣ የሚጓዝ ከሆነ ቀጥ ብሎ፣ በሁለት ካርቶን መካከል ይታሰር። ለባለ 11ዱ ሳጥን ሸክላዎቹ ብቻ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ እንደሚመዝኑ ያስቡ። በገልፍ አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ሸክላ በመኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓትም አትተዉ፤ ሸክላው የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥም ያን ያህል ሙቀት ይደርሳል።