ዘማቹን ለማግኘት ባልቴቷን ተከተሉ

እኛ ቤት «ቅድመ አያታችሁ አድዋ ላይ ወድቀው ቀሩ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ደሴ ስቀመጥ እኒያን ሰው ሳላገኝ አልሞትም ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአድዋ ሙታን መካከል ፈለግኋቸው፤ አልነበሩም። ያገኘኋቸው እሳቸውን መፈለግ ትቼ ሚስታቸውን መፈለግ የጀመርኩ ጊዜ ነው። ተራ ወታደር ሲሞት ፉከራውም አብሮት ይሄዳል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን መሬቷን ላለመነጠቅ ደጅ ትጠናለች፣ ምስክር ትቆጥራለች፣ ወረቀት ታጽፋለች። የወሎ ዘማች አያት ያላችሁ ሁሉ ከዚያው እንድትጀምሩ ነው ይህን የምጽፈው።

«የጡረታ መዝገቡ የት ይገኛል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በዚህ አትድከሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የወሎው ገዢ የራስ ሚካኤል (በኋላ ንጉሥ) ወታደር ደመወዙ ማደሪያ ነበር፤ መሬት ይሰጠዋል፣ ገባሩ ያመጣለታል፣ እሱም ክተት ሲባል ስንቁን ቋጥሮ ይዘምታል። ማደሪያ እንደ ርስት አይወረስም፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወደ ሰጪው ይመለሳል። ስለዚህ የባልቴቷ አቤቱታ ወይ «ልጄ በአባቱ ጋሻ ይግባልኝ» (የአባቱን አገልግሎትና መሬት ይረከብልኝ) የሚል ነው፣ ወይ ደግሞ «ልጄን እስካሳድግ አትንቀሉኝ» የሚል። የምትፈልጉት ይህን ነው።

መጀመሪያ ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ታዲያ «ስለ አያታችን ንገሩኝ» አትበሉ፤ የሚነግሯችሁ ያንኑ የለመዳችሁትን ታሪክ ነው። ዕድሜ ጠይቁ። ዓመተ ምሕረቱን የማያውቅ ሰው ዘመኑን ያውቃል፦ ክፉ ቀን (ከ1881 እስከ 1884)፣ አድዋ (የካቲት 23 ቀን 1888)፣ ሰገሌ (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣልያን (1928)። «እናትሽ በኅዳር በሽታ ጊዜ ስንት ዓመቷ ነበር?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት «ገና በእቅፍ ነበረች፣ ወንድሟ ያኔ ነው የሞተው» አለችኝ። አያቴ በ1911 የእቅፍ ልጅ ከነበረች አባቷ በ1888 አድዋ ላይ ሊሞቱ አይችሉም። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ስኒ ቡና ተፈታ። አያቴን በሕይወት ሳለች ይህን አለመጠየቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ ሙሾውን ጠይቁ። ፉከራ ጀግናን ያገንናል፤ ሙሾ ግን የሞተበትን ቦታ አይረሳም። ኩታበር ያሉ የእናቴ አክስት፣ ጉልበታቸው ቢደክምም ድምፃቸው ያልደከመ፣ እናታቸው ታለቅስበት የነበረውን እንዲህ ብለው አወጡልኝ፦

ፈረሱስ ተመልሶ ገባ ከደጃችን፣
ሰገሌ ላይ ቀርቶ ጌታው አባታችን።

ሰገሌ! ቅድመ አያቴ ወረኢሉ ከተው አድዋ ዘምተዋል፣ ተርፈው ተመልሰዋል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ሲሉ ወደ ሸዋ በዘመቱበት ጦርነት ነው የወደቁት። ቤተሰቡ ለምን አድዋን እንደመረጠ ይገባኛል። በአድዋ የሞተ ሁሉ የሚኮራበት ነው፤ ሰገሌ ግን ወንድም ከወንድሙ የተላለቀበት፣ ለዚያውም የወሎ ወገን የተሸነፈበት ነው። እናንተም ቤት «አድዋ» ሲባል ብትሰሙ ቶራ መስክን (በዚያው ዘመቻ ከሰገሌ ቀደም ብሎ የተደረገውን ውጊያ) እና ሰገሌን ሳትፈትሹ አትለፉ። ዕቃም እንደ ሰው ይጠየቃል። አጎቴ ቤት «የአድዋ ምርኮ» የሚባል የጣልያን ጠብመንጃ አለ፤ ብረቱን ዘይት ቀብቼ ሳጸዳው 1935 የሚል የፈረንጅ ዓመት ወጣ። የማይጨው ዘመን መሣሪያ ነው።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በወሎ አንድ ሰው ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። በ1870 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል እንደተባሉ ሁሉ፣ ተከታዮቻቸውም እስላም ቤት በአንድ ስም፣ ክርስቲያን ቤት በሌላ ስም ይጠሩ ነበር። የእኔም ቅድመ አያት እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቄሱንም ሼኩንም ጠይቁ፤ የወሎ ዘር በአንድ በኩል ብቻ አይቆጠርም። በዚህ ላይ የፈረስ ስም አለ። ሚካኤል አባ ሻንቆ ናቸው፤ ሌላውም ተዋጊ እንደዚሁ «አባ እገሌ» ይባላል፣ በወረቀት ላይም አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ብቻ ነው። ማዕረግም አጥሮ ይጻፋል፤ «ደጃች» የሚለው ደጃዝማች ነው። ሴቲቱን ግን በባሏ ስም አትፈልጓት። ያገራችን ሴት ስትዳር ስሟን አትለውጥምና በአባቷ ስም ነው የምትገኘው፤ ከዚያም የክርስትና ስሟን ጨምሩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ የድሮው የመሬት ወረቀት ዋጋ የለውም ተብሎ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። የተረፈውን ያተረፉት ሴቶች ናቸው። ሣጥን ብቻ አትክፈቱ፤ ሙዳዩን፣ የቅዱሳን ሥዕሉን ጀርባ፣ የዳዊቱን ማኅደር እዩ። የእኛው ሙዳይ ውስጥ በሻሽ ተጠቅልሎ ነበር፦ አነስ ያለች ወረቀት፣ በደብተራ እጅ የተጻፈች፣ አራት ቦታ የታጠፈች። ባልቴቷ ባላቸው ሰገሌ እንደወደቁ፣ «በአባቱ ጋሻ ይገባ የነበረ ልጄም ባለፈው ኅዳር በበሽታው ሞቶብኝ» የቀረች ሴት ልጃቸውን እስኪያሳድጉ ከማደሪያው እንዳይነቀሉ ይለምናሉ። ያቺ ሴት ልጅ አያቴ ናት። ይህን ባነበብኩበት ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ቀኑ «ግንቦት፣ ዘመነ ሉቃስ» ይላል፤ ዓመት የለውም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ አብሽሩ፣ መላ አለው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ከሰገሌ በኋላ ሉቃስ የሚውለው በ1911፣ በ1915፣ በ1919 ነው፤ «ባለፈው ኅዳር» የሚለው ቃል ደግሞ 1911ን ይለይልናል። ቁጥሩ በግዕዝ ከተጻፈ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ፲፰፻፹፰ ማለት 1888 ነው፣ ፹ እና ፺ በደበዘዘ ቀለም ይምታታሉ።

የመሬቱ ስም ሲገኝ ወደ ደብሩ ሂዱ። በድሮው ጊዜ የመሬት ስጦታና ውል በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። እኔ የሄድኩት ተንታ አካባቢ ወዳለች ደብር ነው። በታቦቱ ወርኃዊ በዓል ሄጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ በእናቴ በኩል አስረዳሁ። መጽሐፉን ያየሁት በሦስተኛው ጉዞዬ ነው። ቄሰ ገበዙ እየገለጡ፣ እኔ እጄን ሳላሳርፍ። ስልክ ሳታስፈቅዱ አታውጡ፤ ካልፈቀዱም አትከራከሩ፣ በእርሳስ ገልብጡ። የቅድመ አያቴ ስም አልነበረም፤ መሬቱ ግን ከነወሰኑ ነበር፣ ከነወንዙና ከነዋርካው።

የባልቴቷ ልመና ይሳካ አይሳካ የሚያሳየው የግብር ደረሰኝ ነው። ከ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ ወዲህ ያሉት ደረሰኞች መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብለው ከግብር ከፋዩ ስም ጋር ይዘውታል። የእኛ ቤት ደረሰኞች ላይ የማደሪያው ስም የለም። ያለው የባልቴቷ የአባታቸው ርስት ነው። ማደሪያውን ነጥቀዋቸዋል ማለት ነው፤ ልጃቸውን ያሳደጉት ከአባታቸው በደረሳቸው መሬት ነው። እኛም የተገኘነው ከዚያ ነው።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጠይቁ። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ስትገቡ የአያታችሁን ስም ብቻ አትስጡ፤ የአዛዡን ስም፣ የመሬቱን ስምና የባልቴቷን ስም ከነአባቷ ጽፋችሁ ስጡ።

ወረቀት ካገኛችሁ ስኮች አትለጥፉበት፣ በላስቲክም አታስለብጡት። በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፎቶ አንሡት፣ ጀርባውንም ጭምር፤ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጭስ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። የዘር ሐረጉን ስትጽፉም ከወታደሩ ጎን የሚስቱን ስም ከነአባቷ አስገቡ። እኔ በእናቴ ደብተር ላይ እንዲያ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ እናቴም ስሙን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።