ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ገጽ ግን አይከፈትም፦ የቤት ኮምፒውተር ፋየርዎል ችግርና መፍትሔ

ድሬዳዋ ከዚራ በምትገኘው የጥገና ክፍሌ፣ ለቤት ኮምፒውተር የትኛው ፋየርዎል (በኔትወርክ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ ፕሮግራም) እንደሚሻል የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከመምረጣቸው በፊት ሳይሆን ሁለት ሦስቱን ደራርበው ከጫኑና ኢንተርኔቱ ከቆመባቸው በኋላ ነው። ስለ ምርጫው የምለውንም ከብልሽቱ እጀምራለሁ። ፓኬጁ አለማለቁን፣ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት አለመዛባቱንና ራውተሩ ጠፍቶ መነሣቱን አንባቢ አስቀድሞ እንዳረጋገጠ እቆጥራለሁ።

ዋይፋዩ ተገናኝቶ ገጽ የማይከፈት ከሆነ

የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ በዚያው ራውተር ላይ ያለው ስልክም ያለ እንከን ይሠራል፤ በላፕቶፑ ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። አንዳንዴም ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ መቀበል ተስኖት በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ሰጥቶ ይገኛል። ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚወቅሰው ኔትወርኩን፣ ቀጥሎ የዋይፋይ ካርዱን ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከሁሉ ቀድሞ በከተማችን ከጀመረ ወዲህ፣ ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው ዞረው ችግሩ አብሯቸው የዞረ ደንበኞች ገጥመውኛል።

መንስኤው በአብዛኛው የተወገደ የመሰለ ነገር ግን ያልተወገደ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2፣ ማለትም ከነሐሴ 1996 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ ፋየርዎል ተከፍቶ ይመጣል። ሰው ግን ይህን ስለማያውቅ፣ ወይም ከላፕቶፑ ጋር የሙከራ አንቲቫይረስ ተጭኖ ስለሚሸጥለት፣ ሁለተኛ ፋየርዎል ሳያስበው ያስገባል። ይህ ሁለተኛው በኔትወርክ ካርዱ መንገድ ላይ የራሱን ማጣሪያ ይተክላል፤ የዊንዶውሱም ፋየርዎል ቦታውን ለቆ ይቀመጣል። የሙከራው ጊዜ አልቆ ባለቤቱ ሲያስወግደው፣ በግዴለሽነት የተሠራ ማራገፊያ ያለው ፕሮግራም ፋይሎቹን ይሰርዝና ማጣሪያውን እዚያው ትቶት ይሄዳል። የሚያዘው ፕሮግራም የሌለው ማጣሪያ ደግሞ የሚያልፈውን ከማያልፈው ስለማይለይ ሁሉንም ያግዳል። ገንዘብ የሚያስከፍል ድርጅት የራሱን ዕቃ ጠርጎ የሚወጣ ማራገፊያ መሥራት ለምን እንደሚያቅተው እስካሁን አልገባኝም።

ሳቢያን የሚኖሩ አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸው በየወሩ ኢንተርኔት ያቆምባቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ ወስደው ፎርማት አስደርገውታል፤ በመጀመሪያው ፎርማት የአንድ ዓመት የተማሪዎች ውጤት አብሮ ጠፍቷል። ወደ እኔ ሲመጡ ብልሽቱ የሚመለሰው ሠላሳ ቀን እየቆጠረ መሆኑን ነገሩኝ፤ ቁልፉም እዚያ ላይ ነበር። ፎርማት ያደረገው ባለሙያ በፍላሹ የያዘውን የሠላሳ ቀን የሙከራ አንቲቫይረስ በየጊዜው መልሶ ይጭንላቸው ነበርና፣ ቀኑ ሲሞላ እሳቸው ያስወግዱታል፤ ማጣሪያው ግን ይቀራል። ለዚህ ሲባል ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም፤ ፋይል ሳይገለብጥ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያም ላፕቶፕ ባይሰጠው ይመረጣል። ከሐረር በሚኒባስ ላፕቶፑን ይዞ የመጣ ወጣት ደግሞ የከፋ ነበር፤ በካርዱ ላይ ሁለት ማጣሪያዎች ተቀምጠው አገኘሁ፣ የሁለቱም ፕሮግራሞች ግን ከኮምፒውተሩ ከጠፉ ቆይተዋል። የሁለቱን ምልክት ባነሣሁ ጊዜ፣ እሱ ለምሳ የሚሆን ሰዓት አስቦ ገና ወንበር እየሳበ ሳለ፣ ገጹ ተከፈተ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የኔትወርክ አዳፕተሮች ዝርዝር ላይ ይግቡ፤ በዋይፋዩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይክፈቱ። ከሚታዩት ስሞች መካከል የአንቲቫይረስ ወይም የፋየርዎል ድርጅት ስም ያለበትን ፈልገው ምልክቱን ያንሡ። ማይክሮሶፍት የሚለውንና የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4 እና 6 የሚሉትን እንዳይነኩ፤ እነሱን ያነሣ ሰው የራሱን ሁለተኛ ብልሽት ይፈጥራል። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ መንስኤው ተረጋግጧል፣ ሥራው ግን አላለቀም። የዚያን ድርጅት የማጽጃ ፕሮግራም በስልክዎ ከራሱ ከድርጅቱ ገጽ አውርደው በፍላሽ ያምጡና ያስኬዱ። የፕሮግራሙን ፎልደር በእጅ መሰረዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ማጣሪያውን በሥርዓት የሚያነሣውን ፋይል አብረው ስለሚያጠፉት በኋላ ማጽጃው ራሱ እንኳ ላይሠራ ይችላል።

ይህም ካልበቃ በሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ሪሴት የሚለውን ይጠቀሙ፤ ነገር ግን የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ስለሚጠፉ አስቀድመው ይጻፏቸው። በመጨረሻም ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው የዶሜይን፣ የፕራይቬትና የፐብሊክ ፋየርዎል ሦስቱም መከፈታቸውን በዓይንዎ ይዩ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ኢንተርኔቱን መልሶ በሩን ግን ክፍት ትቶ ይሄዳል።

ፕሪንተሩ ወይም የጋራ ፎልደሩ የማይታይ ከሆነ

መጋላ ያሉ ነጋዴ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ፕሪንተር ሼር ማድረግ አቅቷቸው፣ «አቦ፣ ፋየርዎሉን አጥፋውና እንገላገል» አሉኝ። መንስኤው ፋየርዎሉ ሳይሆን የኔትወርኩ ዓይነት ነበር፤ ዋይፋዩ መጀመሪያ ሲገናኝ ፐብሊክ፣ ማለትም የማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ ተብሎ ተመዝግቧል። የቤትዎንና የሱቅዎን ኔትወርክ ብቻ ወደ ፕራይቬት ይለውጡና የፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግን ይፍቀዱ፤ የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ግን ፐብሊክ ሆኖ ይቆይ። ማጥፋቱን የምቃወመው ለወግ ያህል አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በዚያው የፋይል ሼሪንግ በር፣ በ445 ቁጥር በኩል ነበር። ማይክሮሶፍት የማስተካከያውን አፕዴት ሁለት ወር ያህል ቀድሞ አውጥቶ ሳለ፣ አፕዴት ያላደረጉት ተያዙ። ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ቢያስቀርም በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ የጎረቤት ላፕቶፕ አያድንም።

አንድ ፕሮግራም ብቻ እምቢ ካለ

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ዊንዶውስ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተጠቃሚው ሳያነብ ካንስል ብሎ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የሚከለክል ደንብ ተጽፏል፤ ከልካይ ደንብ ደግሞ ከፈቃጅ ደንብ ስለሚበልጥ፣ በኋላ ፈቃድ ቢጨምሩበትም ለውጥ አያመጣም። በፋየርዎሉ አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ኢንባውንድ ሩልስ ላይ በፕሮግራሙ ስም ያለውን ቀይ ምልክት ያለበት ደንብ ይሰርዙትና ፕሮግራሙን እንደገና ይክፈቱ።

ፓኬጁ ሳይሠሩበት የሚያልቅ ከሆነ

ሌላ ፋየርዎል ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው ብዬ የምቀበለው ይህን ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ሳይጠራ የሚገባውን ሲከለክል፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ግን በልማዱ ይለቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱን በስልክ ሆትስፖት ላይ ያደረ ላፕቶፕ ለአፕዴትና ለደመና ማከማቻ የወሩን ፓኬጅ ሊጨርስ ይችላል። አስቀድመው ሆትስፖቱን ሜትርድ ኮኔክሽን (በመጠን የተገደበ ግንኙነት) ብለው ይመዝግቡት፤ ለብዙው ሰው ይህ ይበቃል። ካልበቃ፣ በዊንዶውሱ ማጣሪያ ላይ የሚሠራና ያልፈቀዱለትን ፕሮግራም እንዳይወጣ የሚያደርግ ቀላል ፕሮግራም ይምረጡ። እኔ ለደንበኞቼ የምጭነው ታይኒዎልን ነው፤ ነፃ ነው፣ በጥያቄ መስኮትም አያሰለችም። ከነአንቲቫይረሱ የሚመጣ ትልቅ ጥቅል ግን ለቤት አልመክርም፤ በመጀመሪያ የጻፍሁት ብልሽት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዊንዶውስ አፕዴትን ለዘለቄታው አያግዱ፤ ማገድ ካስፈለገ ለሌሊቱ ብቻ ይሁን። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ የትኛውም ፋየርዎል ቢጫንበት የቀረውን አፕዴት አይተካለትም።

ፋየርዎሉ ራሱ አልከፈት ካለ

ቤዝ ፊልተሪንግ ኤንጂን የተባለው፣ ፋየርዎሉ የሚሠራበት የዊንዶውስ ሰርቪስ ቆሞ ይሆናል። ብዙ አይገጥምም፤ ሲገጥም ግን ቫይረስ አልፎበት ሊሆን ስለሚችል ዊንዶውሱን ፋይሎቹን ጠብቆ በላዩ ላይ መልሶ መጫን ይሻላል።

ክራክ ያለበት ፕሮግራም

በፍላሽ የሚዞር ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ፕሮግራም ሲጫን «አስቀድመው አንቲቫይረሱንና ፋየርዎሉን ያጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል፤ ተጠቃሚውም ያጠፋል፣ መልሶ መክፈቱን ይረሳል። ስቶፕ የተባለው ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ በብዛት የተሠራጨው በዚህ መንገድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ያጣ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ሲያመጣልኝ፣ ሦስቱም ፋየርዎሎች ጠፍተው ነበር። ፋየርዎሉን በአምስት ደቂቃ መልሼ ከፈትሁለት፤ ጽሑፉን ግን ልመልስለት አልቻልሁም።