ከባሕር ማዶ የመጣን መምህር በሐዋሳ ተቀብሎ ማኖር

ከውጭ አገር መጥቶ የሚያስተምር ሰው ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት የሆነው የፒስ ኮር የመጀመሪያዎቹ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ከገቡ ወዲህ፣ እንግሊዝኛውን ወይም ሳይንሱን ከእነርሱ የተማሩ አዛውንት በየከተማው ይገኛሉ። ዛሬም ለአንድ የትምህርት ዘመን ወይም ለሁለት ዓመት ወደ ሐዋሳ የሚመጣ መምህር ሲኖር፣ የመቀበሉ ሥራ ብዙውን ጊዜ «እንግሊዝኛ ይችላል» ለሚባል አንድ ባልደረባ ይሰጣል። ይህ ኃላፊነት ደጋግሞ ደርሶኝ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንግዳውን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም ሊነግረው የማያስበው ነገር መሆኑን ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም እንዲህ ያለ እንግዳ ለደረሳችሁ መምህራን፣ ቤት ለምታከራዩና በአንድ ግቢ አብራችሁ ለምትኖሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱና ቀኑ

ቤት ከማሳየታችሁ በፊት ሰዓት አስተምሩት። የእኛ ቀን ፀሐይ ስትወጣ እንደሚጀምርና እርሱ ጠዋት 7 የሚለው ለእኛ 1 ሰዓት እንደሆነ፣ በግድግዳ ሰዓት ላይ ተቃራኒውን ቁጥር በጣታችሁ እያመለከታችሁ አሳዩት። «ገባኝ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። አንድ ጊዜ ከአንዲት አዲስ መምህርትና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ወደ ባሌ ለመጓዝ ስንዘጋጅ፣ «ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እንገናኝ» አልኳት። እርሷ በለመደችው አቆጣጠር አስልታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ተሸክማ ከተዘጋው በር ፊት ደረሰች። እኛ ጎህ ሳይቀድ ስንደርስ፣ ዘበኛው ካፖርቱን አልብሷት ከከሰል ማንደጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ስድስት ሰዓት ሙሉ በብርድ ስትጠብቀን ማደሯን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምሰጠው በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ላይ ጽፌ ነው፤ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውንም እንዲሁ በሁለቱም ሰዓት አዘጋጅቼ እሰጣለሁ።

ቀኑንም በተመሳሳይ መንገድ አስጨብጡት። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የግድግዳ ካላንደር ግዙና አንድ ምሽት ቡና አስፈልታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ዓመቱ 13 ወራት እንዳሉት፣ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 እንደሚውልና ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት ግን ሴፕቴምበር 12 እንደሚሆን አስረዱት። በዓላቱን በአንድ ቀለም፣ አጽዋማቱን በሌላ ቀለም፣ የፈተና ሳምንታቱን በሦስተኛ ቀለም ምልክት አድርጉለት። ከእናንተ ዘንድ የሚያገኘው ትልቁ ስጦታ ይህ ካላንደር ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤት፣ ውኃና ጤና

የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር በደብዳቤ አስደግፎ ከመጀመሪያው ሳምንት እንዲጀምር ጎትጉቱ። ቤቱ ከሐይቁ ዳር ራቅ ቢል ይመረጣል፤ አካባቢው ወባ የሚገኝበት ስለሆነ የትም ቢከራይ አጎበር አይቅርበት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ብዙ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ውኃን ማፍላት ተዋሕስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድምና፣ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ንገሩት። ሐይቁ ለዓይን ቢያምርም ጉማሬም ቢልሃርዝያም ያለበት በመሆኑ ለመዋኛ አይሆንም። ለሦስት ቀን ያህል በባጃጅ አብራችሁት ብትመላለሱ ታሪፉንም የሰፈሩንም ስም ይለምዳል።

ዓሣ የሚወድ ከሆነ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ውሰዱት። ጀልባዎቹ ሲጠጉ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ እየሰነጠቁ ሲያጸዱ፣ የሰው ወገብ የሚያልፉት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በረድፍ ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ሲጠባበቁ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጥሬውን በሎሚና በአዋዜ የሚበሉ ሰዎች ሊጋብዙት ይችላሉ፤ ሆዱ እስኪለምድ የተጠበሰውን ቢመርጥ እንደማይቀየሙት ንገሩት።

በመምህራን ክበብ

ተማሪዎች ሲገባ ብድግ የሚሉት ከአክብሮት ስለሆነ «ተቀመጡ» የምትለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን ይወቃት። በሻይ ሰዓት አንዱ ለሁሉም እንደሚከፍልና ተራው እንደሚዞር ካልነገራችሁት፣ ሁልጊዜ የራሱን ብቻ ከፍሎ ሲነሣ ባልደረቦቹ ይታዘቡታል፤ እርሱ ግን ምን እንዳጠፋ አያውቅም። «እንብላ» ጥሪም ሰላምታም መሆኑን፣ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚባለውም ለምን እንደሆነ አስረዱት። የባልደረባ ዘመድ ሲሞትም ወደ ለቅሶው ይዛችሁት ሂዱ፤ ምንም ሳይናገር ለግማሽ ሰዓት አብሯችሁ ቢቀመጥ ከብዙ ወራት ትውውቅ ይበልጥ ያቀራርበዋል።

ጾምና በዓል

የባዕድ አገር ሰው በዓልን የሚያውቀው በበዓሉ ቀን ስለሚጋበዝ ነው፤ የእኛ በዓል ግን ከጾሙ ጋር ካልታየ ትርጉሙ ግማሽ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ያደረችው ያቺው መምህርት በአገሯ የገና ዕለት፣ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ በገዛ እጇ የጋገረችውን ኬክ ይዛ ወደ ክበቡ መጣች። ቅቤና እንቁላል በብዛት የገባበት፣ ላዩ ላይ በነጭ ስኳር ኮከብ የተሣለበት ነበር። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ ኦርቶዶክስ የሆኑት ባልደረቦቻችን «በኋላ እንበላዋለን» እያሉ ድርሻቸውን በሶፍት ጠቅልለው ለልጆቻቸው ያዙ። ሙስሊሞቹና ፕሮቴስታንቶቹ በደስታ ቢበሉም፣ እርሷ አብዛኛው ሰው ኬኳን እንደጠላባት ቆጥራ አዘነች። ምክንያቱን ሳስረዳት ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ የጾሙን ቀለም በጣቷ ተከተለችው። በሚቀጥለው ዓመት ያለ እንቁላል፣ በዘይትና በሙዝ የጋገረችውን የጾም ኬክ ይዛ መጣች፤ ክፍለ ጊዜው ሳይደወል ትሪው ባዶ ሆነ።

ስለዚህ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን አስቀድማችሁ አሳውቁት። ሐዋሳ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ አብሮ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗ፣ የሚጋብዘው ቤት የትኛውን በዓል እንደሚያከብርና ምን እንደሚበላ በየጊዜው መጠየቅ ነውር እንዳልሆነም ንገሩት።

በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ እንግዳውን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ከመጥራት በዋዜማው ጥሩት። ሽንኩርት ይክተፍ፣ ዶሮው እንዴት 12 ቦታ እንደሚበለት ይመልከት፣ ቄጤማውን ይጎዝጉዝ። ሲሠራ የዋለ ሰው በማግሥቱ ገበታ ላይ የሚቀመጠው እንደ ቤተሰብ ነው፤ ወንድ መምህር ሲሆን እናቶች «ተው፣ አንተ ተቀመጥ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ እናንተው ቀድማችሁ አስፈቅዱለት። «እንኳን አደረሰህ» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ እንዲመልስ አለማምዱት። ባዶ እጁን ላለመሄድ ቡናና ስኳር ቢይዝ ይበቃል። ቡናው ሲቀርብ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለና ከአቦል በኋላ ብድግ ብሎ መሄድ ባለቤቲቱን ቅር እንደሚያሰኝ ይወቅ። ደመራ መስከረም 16፣ ከተራ ጥር 10 ላይ ስለሚውሉ ለሁለቱም ነጠላ አውሱት፤ ለፎቶግራፍም ሰውን ማስፈቀድ ይገባል።

ሐዋሳ ላይ ሆኖ ሊያመልጠው የማይገባው ግን ፊቼ ጫምባላላ ነው። ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በመሆኑም በካላንደሩ ላይ ቦታውን ክፍት ትታችሁ፣ ቀኑ ሲታወጅ ወዲያው ንገሩት፣ ጉዞም ካለው ያሸጋሽግ። ከሲዳማ ባልደረቦቻችሁ አንዱ በዋዜማው ምሽት ወደ ቤተሰቡ እንዲወስደው ለምኑ፤ ሁሉቃ በሚባለው በለምለም እንጨት በተሠራ በር ሥር ያልፋል፣ ሻፌታ በሚባል ሳህን የሚቀርበውን ቡርሳሜ የተባለ የእንሰት ምግብ ከሁሉ ጋር ይቀምሳል። በጫምባላላ ዕለት ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ያያል፤ ጉዱማሌ በሚባለው የበዓሉ አደባባይም ጎሳዎቹ በቄጣላ ጭፈራ ሲመጡ ይመለከታል። ሽማግሌዎቹ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ሐሰት እንዳይመሰከር፣ ሥራ እንዲወደድ ሲመክሩ የሚተረጉምለት ሰው ከጎኑ ይሁን።

የበዓሉን መነሻም ንገሩት። በቃል ሲወርድ እንደመጣው፣ ፊቼ፣ ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ የነበረች፣ ያመጣችውንም ከጎረቤት ጋር የምትካፈል ሴት መታሰቢያ ነው። ይህን ለዚያች መምህርት የነገሯት አንድ አባት ነበሩ። ሰምታ ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔም በዓመት አንዴ ነው እናቴን የማያት» ብላ ከገበታው ተነሥታ እናቷ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ለእኚያው አባት አቀበለቻቸው፤ እርሳቸው በሲዳምኛ፣ እናትየዋ በራሳቸው ቋንቋ፣ ሁለቱም ሳይግባቡ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ።

የራሱንም በዓላት አትርሱበት። ታኅሣሥ 16 ለእኛ የሥራ ቀን ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ቢሰጠው መልካም ነው። በዚያ ሰሞን ወላጆቹ ሊጠይቁት የሚመጡ ከሆነ ግን አልጋ ከወራት በፊት ያስይዝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ስለሚውል ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ሐዋሳን ስለሚያጥለቀልቃት ማደሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ጉዞ

ቅዳሜና እሑድ ለወንዶ ገነት ፍል ውኃ ወይም ለይርጋለም ይበቃል። ሦስት ቀን ካለው ወደ ዲላና ይርጋ ጨፌ ወርዶ የጌዴኦን ጥምር እርሻና ትክል ድንጋዮቹን ይይ። ለሴሚስተር ዕረፍት የምመክረው ባሌን ነው፤ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ዲንሾ ሲደርስ የደጋ አጋዘን፣ ሳነቴ ከሚባለው አምባ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ያያል። እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ ስላለው ጋቢ ሳይዝ እንዳይሄድ፣ የመጀመሪያውንም ቀን ሳይቸኩል እንዲያሳልፍ ንገሩት። የጌዴኦ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከመነሣቱ በፊት በመንገዱ ላይ ያለውን ሁኔታ ከዚያው አካባቢ ሰው በስልክ ጠይቁለት፤ የወሬ ወሬ አይበቃም። ፓስፖርቱን ቤት ትቶ ቅጂውንና የመኖሪያ መታወቂያውን ይያዝ። በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት ከመክፈቱ በፊት አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ፣ የያዘውን ብስኩት ለጎረቤቱ ሳያካፍል አይብላ፣ ሲደርስም ይደውል፤ ካልደወለ እናንተ ደውሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ ለሽኝት ቡና ስታፈሉ ካላንደሩን ከግድግዳው አታውርዱት። በኅዳጉ ላይ በራሱ ቋንቋ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች፣ የማን ቤት መቼ እንደተጋበዘ፣ በየትኛው ቀን ምን እንደማይበላ፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ እርሱን ለሚተካው መምህር እንዲያስረዱ በንጹሕ እንዲገለብጣቸው ጠይቁት፤ ለሚመጣው እንግዳ ገና ከመድረሱ በፊት ላኩለት።