ፒሲፒ ትንፋሽ ሲያሳጥር፦ ዋርድ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፒሲፒ ማለት አቅሙ የተዳከመን ሰው የሚይዝ፣ በፈንገስ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መጣ እንበል። ደረቅ ሳል፣ ለሳምንታት እየባሰ የሄደ የትንፋሽ ማጠር። ደረቱን ስታዳምጡት ምንም የለም፣ ራጁም ሊሸውዳችሁ ይችላል። አንደኛው ስህተት ተኝቶ እያለ ኦክስጅኑን ለክቶ "93 በመቶ ነው፣ ደህና ነው" ማለት ነው። ከቻለ ኮሪደሩን አንዴ አስሄዱትና ለኩት፤ 84 ከገባ ፒሲፒን አስቡ። (እንደተኛ የሚያለከልከውን ግን አታስነሱ፣ አደራ።)

"ፈንገስ ነው" ሲባል ፍሉኮናዞል የሚያዝም አለ። አይሠራም። ፍሉኮናዞልም አምፎቴሪሲንም የሚያነጣጥሩበት ኤርጎስቴሮል (የሌሎች ፈንገሶች ሽፋን ላይ ያለ ስብ) ይሄ ፈንገስ ላይ የለም። መድኃኒቱ ያው የምናውቀው ኮትሪ (ኮትሪሞክሳዞል) ነው፣ መጠኑ ግን ሌላ። ባለ 480 ሚሊግራሙ በቀን 2 ፍሬ መከላከያ ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን በጠና የታመመ ሰው ግን 4 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ21 ቀን። አንዴ 12 ፍሬ ጽፌ ነርሷ ካርዱን ይዛ መጣችና "ዶክተር፣ ተሳስተህ ነው አይደል?" አለችኝ። መጠየቋ ደግ ነው። ኩላሊቱንና ፖታሲየሙን እየተከታተላችሁ ስጡ።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ የስቴሮይዱ፣ ማለትም ቁጣ የሚያበርደው መድኃኒት፣ ፍርሃት ነው። "ቲቢ ቢሆንስ?" እየተባለ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ፈንገሱ መሞት ሲጀምር ሳንባው ይቆጣል፣ በሽተኛው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ነው። የደም ወሳጅ ኦክስጅን ግፊቱ ከ70 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሪያው ኮትሪ ጋር አብሮ ይጀመር፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፦ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን፣ 40 በቀን አንዴ ለ5 ቀን፣ ከዚያ 20 ለ11 ቀን። በሦስተኛው ቀን ባሰበት ብላችሁም ኮትሪውን ለመቀየር አትቸኩሉ። ድንገት ቁልቁል ከወረደ ግን ሳንባው ተበስቶ አየር ፈስሶ እንዳይሆን ቶሎ እዩ።

ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከገባ ትልልቅ ትንፋሽ አትስጡት፤ በቁመቱ በተሰላው ክብደት በኪሎ 6 ሚሊሊትር ይበቃል።

የኤችአይቪ መድኃኒት ያልጀመረውን "መጀመሪያ ይሄ ይለቅ" ብላችሁ አታቆዩት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምር። ሲወጣም 21 ቀኑ አለቀ ተብሎ ባዶ እጁን አይሂድ። ያቺ በቀን 2 ፍሬ የኮትሪ መከላከያ እዚህ ጋ ናት የምትገባው፣ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ጻፏት።