ጠመኔውን ተቀበይኝ፦ በማረጥ ዕድሜ ያለን የትምህርት ቤት ሰዎች እንዴት እንደጋገፍ

ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ነበር። 7ኛ ቢ ክፍል ውስጥ ነኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ተማሪዎቹ ከ50 በላይ ናቸው፣ እኔ ክፍልፋይ እያባዛሁ ነው። በድንገት ከደረቴ የተነሳ እሳት የመሰለ ነገር በአንገቴ አድርጎ ፊቴ ላይ ወጣ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ጠመኔው እጄ ላይ ረጥቦ ሊጥ ሆነ፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት 3 ቁጥር ግማሹ ብቻ ታየ። ፊት ወንበር የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯን አንስታ ታራግብልኝ ጀመር። «ቲቸር፣ አሞሻል?» አለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሃምሳ ልጅ ጭጭ ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስተማሪ ያውቀዋል።

የአማርኛዋ መምህርት በበሩ ስታልፍ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችም። ገባች፣ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች፣ «የቤት ሥራ የሠራችሁ እጅ አውጡ» አለች። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አለፈልኝ። ተመለስኩ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም፤ ካመሰገንኳት ምክንያቱን ልናገር ነዋ።

ስታፋችን ለቅሶ ሲሆን ገንዘብ አዋጥቶ ይደርሳል። ስትወልጂ ገንፎ ሊበላ ይመጣል። ስታርጪ ግን ዝም ነው። መደጋገፉን እናውቅበታለን፣ የጎደለን ነገሩን አፍ አውጥቶ መናገር ብቻ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረግነውን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እወቂው

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ተከታትሎ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አብዛኞቻችን ላይ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ከ40 በፊት ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። መከራው የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ወር አበባው ለዓመታት ይዛባል፤ አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዴ በ20 ቀኑ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ።

ሙቀቱን እኛ «ወላፈን» ነው የምንለው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲወርድ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ግራ ይገባዋል፤ ትንሽ ሞቅ ሲል ሰውነት የተቃጠለ ይመስለውና ላቡን ይለቀዋል። አንዱ ወላፈን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ይህቺን ቁጥር ያዢልኝ፣ ወደኋላ እንፈልጋታለን። እየመጣ እየሄደ ግን በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ጥርስ ነክሶ «እስኪያልፍ» ማለት አያዋጣም። ሌላም አለ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ መምታት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ በትንሽ ነገር ሆድ መባስ፣ ቃል ከምላስ ላይ መጥፋት።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ያረጠች» ሲባል ያደግነው እንደ ስድብ እየሰማን ነው፣ ላም የሆንን ይመስል። ለዚህ ነው «ወላፈን» የሠራልን። «ወላፈኔ መጣ» ስትል መስኮት ይከፈታል፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ወሬውን እንዴት ትከፍችዋለሽ

የራስሽን ተናገሪ፣ የሷን አትጠይቂ። ሕጉ ይሄው ነው። «ምነው ላበሽ? አርጠሽ ነው እንዴ?» ብለሽ በሰው ፊት ከጠየቅሻት ዳግመኛ አጠገብሽ አትቀመጥም። እኔ በቡና ሰዓት ለአማርኛዋ መምህርት «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ማገር እቆጥራለሁ» አልኳት፣ ያችን ብቻ። ሲኒዋን አስቀመጠች። «አንሶላ ትቀይሪያለሽ?» አለችኝ። እሷ ሁለት ዓመት አልፏታል! ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን የተማሪ ደብተር ስናርም አንዳችን ስለሌላችን ምንም አናውቅም።

ማውራት የማትፈልግ ካለች ተዪአት። የሰማሽውን ደግሞ ከስታፍ አታውጪ። ለባልሽም ቢሆን።

ፔሬድ መሸፈን

አዎ፣ ቃሉ ያስቃል። አንዱ ፔሬድ ሲጠፋ ሌላውን ፔሬድ የሚሸፍን እንፈልጋለን። በሳቅ ብንጀምረውም ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይሄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የክፍለ ጊዜው ፕሮግራም ሲወጣ እያንዳንዳችን ክፍት ፔሬዳችንን በአንድ ወረቀት ጻፍን፤ ወረቀቷ ስታፍ ውስጥ ከሰዓቱ ሥር ተለጥፋለች። ወላፈን የመጣባት የክፍሉን አለቃ ትልካለች፣ «ቲቸር ጠመኔ ላኪልኝ ብላለች» ይላል። ጠመኔ ማለት ነይ ማለት ነው። ክፍት ፔሬድ ያላት ሄዳ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ትቆማለች። ያቺን ቁጥር ያዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው፦ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው፣ ወላፈኑ 5፤ ሙሉ ቀን ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነገር አይደለም። ለተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጥያቄ መጻፍ ይበቃል። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሒሳብ ክፍል ገብታ ምን ታደርጋለች የምትሉ፣ ታስቆጥራለች።

ቂም የሚመጣው ሁልጊዜ አንዷ ብቻ ስትሸፍን ነው። እኛም ጋር መጥቶ ነበር፣ አንዲት ወጣት መምህርት «እኔ የማንም ተላላኪ አይደለሁም» ብላ አኮረፈች። እውነቷን ነበር። አሁን እሷ ስትሸፍንልን እኛ የልጇን የክትባት ቀን እንሸፍንላታለን፣ ጠዋት ልጁን ሕፃናት ማቆያ አድርሳ ስትዘገይ ደግሞ የመጀመሪያውን ፔሬድ። ወላፈን የሌለባትም ሰው ኑሮ አለባት።

ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ዩኒት ሊደሩን ሁለት ነገር ጠይቁ። ከምሳ በኋላ ተከታታይ ሁለት ፔሬድ እንዳይሰጣችሁ፣ ከተቻለም ክፍላችሁ ምድር ቤት ወይም መስኮቱ በሚከፈት በኩል እንዲሆን። ፈተና ስትፈትኑ ለብቻ አትግቡ፣ ከሌላ ፈታኝ ጋር ተጣመሩ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ፀሐይ ላይ መቆም የሚከብዳት ጥላው ሥር ሆና ሰልፉን ትቆጣጠር፤ ባንዲራው አይቀየማትም።

መሳቢያው

ስታፍ ውስጥ አንድ መሳቢያ አለን። ሞዴስ፣ ለቅያሪ የሚሆን ጥቁር ጉርድ፣ ፎጣ፣ ማራገቢያ አለበት፤ ክኒን ግን የለም (ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ)። ቁልፉ ጽዳት ክፍል ያሉት እናታችን ጋ ነው፣ እሳቸው ከማንም በፊት ይገባሉ ከማንም በኋላ ይወጣሉ። ሞዴሱን በየወሩ በዙር እንገዛለን።

ውሃ ግን ትልቁ ነገር ነው። አዲስ አበባ ነንና ውሃው በፈረቃ ነው። ደም በሚበዛበት ወር ውሃ የሌለው ሽንት ቤት መግባት ምን እንደሆነ ለሴት አይነገራትም። ሁለት ጀሪካን ለሴት ሠራተኞች ሽንት ቤት ብቻ ተብሎ ተለየ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን የሚሞላውም ታወቀ። ይሄን ለማስፈቀድ ስብሰባ አላስፈለገንም። ጋውን የምታሰፉ ደግሞ ጨርቁን ጥጥ አድርጉት። ያ የሚያብለጨልጨው ቶሎ አይቆሽሽም እንጂ በወላፈን ጊዜ ላስቲክ እንደ መልበስ ነው።

ሲረሳሽ

ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ልጅ ስም ጠፋኝ። ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ! «አንተ… አንተ… ባለ ቀይ ሹራቡ» አልኩ። አበድኩ መሰለኝ። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት እንደዚህ ያደርጋል፣ ለአብዛኛው ሰውም እየተሻለ ይሄዳል፣ እስከዚያው ግን ውጤት የሚሞላ ሰው ስህተት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሮስተር የምንሞላው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው። አንዷ ማርክ ሊስቱን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች፣ በየአሥር ተማሪው ቆመን ድምሩን እናያለን። እስካሁን አንድ ጊዜ የ87ን ልጅ 78 ከመሆን አድነናል። የመቀመጫ ዝርዝር ሥዕልም ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያለሁ።

ወንዶቹ

ወንድሞቼ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ትንሽ ነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆና ነው የምትቆጣው» የምትሏትን ቀልድ ተዉአት። መስኮት ሲከፈት «በረደኝ» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ፤ ጃኬት መደረብ ትችላላችሁ፣ እኛ ግን ቆዳችንን ማውለቅ አንችልም። የስፖርት መምህራችን ነገሩ ሲገባው «ባለቤቴ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ስትገፍ ጠልታኝ ነው ብዬ ነበር» አለ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ርዕሰ መምህሩ ጋ የሚገባው ጥያቄ እንጂ የሕመም ታሪክ አይሁን። «የጤና ጉዳይ አለብኝ፣ ከሰዓት ተከታታይ ፔሬድ ይከብደኛል፣ ከእከሊት ጋር መቀያየር ተስማምተናል፣ ይፈቀድልን» ማለት ይበቃል። መፍትሔውን ይዛችሁ ስትገቡ እምቢ ለማለት ይቸገራል። ሁለት ሆናችሁ ግቡ። የግል ትምህርት ቤት የምትሠሩ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሕክምና ማስረጃ ካላችሁ የሕመም ፈቃድ አላችሁ፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የመንግሥት ሠራተኛ የምትመራበት ሕግ ሌላ ነው፣ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ።

ምድጃው ጋ ያሉትን አትርሱ

ስለ መምህራን ብቻ ሳወራ ቆየሁ፣ ልማዳችን ነው። ተማሪ የሚመግቡት እናቶች ግን እሳት ፊት ቆመው ነው ወላፈን የሚመጣባቸው። ውጭም ውስጥም እሳት። ከመካከላቸው አንዷ ድስቱን ይዛ ስትንገዳገድ አይተን ነው የነቃነው። አሁን ከድስት ወደ መክተፍ፣ ከመክተፍ ወደ ማዕድ ማቅረብ እየተቀያየሩ ይሠራሉ፤ አግዳሚ ወንበርም በሩ አጠገብ ወጣላቸው። እነሱ እንደ እኛ «ፕሮግራም ይቀየርልኝ» ለማለት ድፍረቱ የላቸውም፣ እንጀራቸው ቀጭን ክር ላይ ነው። ስለዚህ እኛ እንናገርላቸው።

ሐኪም ቤት አብራችሁ ሂዱ

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም «ጭንቀት ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሰኝ። ሁለተኛ ስሄድ የአማርኛዋ መምህርት አብራኝ ገባች፤ ወላፈኑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ የመጨረሻው ወር አበባ መቼ እንደነበር በደብተር ጽፈን ይዘን። ያን ጊዜ ተሰማሁ። ጻፉት፣ ይሠራል።

ሁሉን ነገር ደግሞ በማረጥ አታሳብቡ። ሌሊት ማላብ ከሳል ጋር ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳሽም፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። ድካምና የልብ መምታት የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ሊሆን ይችላል። ወር አበባ ከቆመ 12 ወር ካለፈ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ካየሽ ነገ ሳትዪ ሂጂ። ማርገዝም ይቻላል! ከ50 በላይ ከሆንሽ ወር አበባ ከቆመ አንድ ዓመት፣ ከ50 በታች ሁለት ዓመት እስኪሞላ መከላከያው አይቁም።

የሆርሞን ሕክምና አለ፤ ለወላፈን ከሁሉም በላይ የሚሠራው እሱ ነው። ጤነኛ ለሆነችና ከ60 በታች ላለች ሴት ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ያመዝናል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላላት ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ለዚህ ነው መሳቢያችን ውስጥ ክኒን የሌለው። ለእኔ የሠራውን ለአንቺ ማቀበል ደግነት አይደለም። ተልባው ይጠጣ፣ ሆድ ያለሰልሳል፣ ለወላፈኑ ግን ብዙ አትጠብቂበት። አጥንት ደግሞ ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ ይሳሳል፤ በጾም ወተት ሲቀር ጎመኑን፣ ሰሊጡን፣ የጤፍ እንጀራውን በርከት አድርጉ። በርበሬና ትኩስ ቡና የአንዳንዳችንን ወላፈን ይቀሰቅሳሉ። እኔ በርበሬውን ቀነስኩ። ቡናውን አልተውኩም፣ አልዋሽም።

አንድ የቀረ፦ ዕቁባችን። ማረጥ ብቻውን አይመጣም፤ ከአሮጊት እናት፣ ለፈተና ከሚዘጋጅ ልጅ፣ ከቤት ኪራይ ጋር ነው የሚመጣው። ዘንድሮ የመጀመሪያው ዕጣ ሳይወጣ ሰብሳቢዋ «ለሐኪም ቤት ወይም ለአስታማሚ የሚፈልግ አለ?» ብላ ጠየቀች። ዝም ዝም ተባባልን። የጽዳቷ እናታችን መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እጃቸውን አወጡ። ዕጣውን ሰጠናቸው፣ ሐሙስ ቀን እኔና የአማርኛዋ መምህርት ክፍት ፔሬዳችንን አጋጥመን ወረፋ ልንይዝላቸው ሄድን።